ቁልቢ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሊትር?



የቁልቢ ገብርኤል በዓል የሚውልበት ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ በየቤቱ ሽር ጉዱ ይጀመራል። ስለት ያለባት እናት ቀን ትቆጥራለች፤ መኪና ያለው ልጅ ጎማ ያስፈትሻል፤ የአክስት ልጆች «አንድ ሰው የምትይዝ ቦታ አትጠፋም አይደል?» እያሉ ይደውላሉ። ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ ዳቦ ቆሎው ሁሉ አስቀድሞ ይታሰባል። ነዳጁ ብቻ በግምት ይታለፋል። «ሙሉ አድርገን እንወጣለን፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ያውቃል» ይባላል። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት እሱ የሚያውቀውን ለእሱ ትቼ፣ እኛ በእስክሪብቶ ልንደርስበት የምንችለውን ያህል ለማስላት ነው።

መንገዱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስተን በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ ሰባት፣ በሚኤሶና በአሰበ ተፈሪ አድርገን ቁልቢ ገብርኤል እስክንደርስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱ 900 ይሆናል። ሒሳቡ ራሱ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ነው፦ ርቀቱ አለ፣ መኪናዋ የምትበላው አለ፣ የሊትሩ ዋጋ አለ፤ ማባዛት ብቻ ነው። ርቀቱ በካርታ ይገኛል፤ ዋጋው ማደያው ላይ ተጽፏል። መካከለኛውን ቁጥር ግን በትክክል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ቢሆን ገልብጦ ነው የሚያውቀው።

ገልብጦ ማለቴ ምን ማለት ነው? መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ነው። ደላላውም ዓይኑን ሳያሽ «14 ትሄዳለች» ይላል። ይህ አጠያየቅ ለወግ ያምራል፤ ለሒሳብ ግን ያሳስታል። አንድ ቤተሰብ ሁለት መኪና አለው እንበል፤ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር የምትሄድ አሮጌ ፒክአፕና በሊትር 14 የምትሄድ ትንሽ የቤት መኪና። አቅማቸው አንዷን ብቻ ለመለወጥ ይፈቅዳል። ፒክአፗን በሊትር 8 በምትሄድ ይለውጡ ወይስ ትንሿን በሊትር 18 በምትሄድ? እጅ አውጡ ብል አብዛኛው እጅ ለ18ቷ እንደሚወጣ አልጠራጠርም። 4 ኪሎ ሜትር መጨመር 2 ከመጨመር ይበልጣላ!

አሁን አራቱንም ወደ ቁልቢ ልከን እንመልሳቸው። በ900 ኪሎ ሜትር በሊትር 6 የምትሄደው 150 ሊትር ትጨርሳለች፤ በሊትር 8 የምትሄደው 112 ሊትር ተኩል። ያተረፍነው 37 ሊትር ተኩል ነው። ትንሿ መኪና ዘንድ ስንመጣ በሊትር 14 የምትሄደው 64 ሊትር ከምናምን፣ በሊትር 18 የምትሄደው ልክ 50 ሊትር ትፈጃለች። ትርፉ 14 ሊትር ብቻ! ትንሽ መስሎ የታየው የፒክአፗ ለውጥ የሌላውን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ያተርፋል።

ይህ የእኛ ብቻ ስሕተት አይደለም። አሜሪካውያን መኪናቸውን «በጋሎን ስንት ማይል» ብለው ስለሚለኩ እዚያው ወጥመድ ውስጥ ናቸው። ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ መርምረው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ሰዎች ሲጠየቁ ልክ እንደ እኛው ትልቁን ቁጥር እየተከተሉ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ሞዴል ጀምሮ አዲስ መኪና ላይ የሚለጠፈው የአሜሪካ መንግሥት ወረቀት በ100 ማይል ስንት ጋሎን እንደምትጠጣም ይናገራል። ስለዚህ እኛም ጥያቄውን እንቀይረው፦ «በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ትበላለች?» 100ን በሊትር በምትሄደው ኪሎ ሜትር ብታካፍሉ መልሱን ታገኙታላችሁ። በሊትር 6 የምትሄደው 16.7 ሊትር፣ በሊትር 14 የምትሄደው 7.1 ሊትር ትበላለች። ከዚህ በኋላ በዚሁ እንነጋገራለን።

ይህን ቁጥር ከደላላም ከመጽሐፉም አትውሰዱ። መጽሐፉ ላይ ያለው በላቦራቶሪ ውስጥ የተለካ ነው፤ የእናንተ መኪና ደግሞ ዕድሜ አላት፣ ጠባይ አላት፣ ሾፌር አላት። ማደያ ግቡ፤ መቅጃው ራሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪቆም ቀጂው ሙሉ ያድርግላችሁ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፉ። ከሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ከተቻለ እዚያው ማደያ ተመልሳችሁ እንደገና ሙሉ አስደርጉ። ሁለተኛ የገባው ሊትር የተቃጠለው ነው፤ በተሄደው ኪሎ ሜትር አካፍሉትና በ100 አባዙት። አንድ ጊዜ ብቻ ከለካችሁ ዕድል ነው፤ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ደግሞ እኮ ግማሹ ሥራ ተሠርቶላችኋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሰል የሞባይል አገልግሎት ስለሆነ፣ የቀዳችሁበት ቀንና የከፈላችሁት ብር ስልካችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ብሩን ለዕለቱ የሊትር ዋጋ ማካፈል ነው። የጎደለው የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱንም በቀዳችሁ ቁጥር ፎቶ ብታነሱት ይበቃል።

አሁን የዚህን መንገድ ልዩ ጠባይ ላንሳ፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝም ይኼኛው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች። አዋሽ ሰባት 1000 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ የጨርጨር ተራሮች ይመጣሉ፤ ቁልቢ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጉዞ ሲሄዱም መውረድና መውጣት፣ ሲመለሱም መውረድና መውጣት ነው። ከነሰዉና ከነጓዙ 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 1350 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 20 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ይዟል፤ ሞተሩ ግን አብዛኛውን በሙቀትና በጭስ አባክኖ ለጎማው የሚያደርሰው ከ9 ሚሊዮን ብዙ አይበልጥም። ስታካፍሉት ሁለት ሊትር ከምናምን ይመጣል። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ከምትበላው በላይ፣ ለከፍታው ብቻ የሚከፈል ማለት ነው።

ይህን 225 ኪሎ ሜትር ላይ ስትበትኑት በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ይሆናል። በጠፍጣፋ መንገድ 7 ሊትር የምትበላ መኪና ወደ አዋሽ ስትወርድ 6፣ ስትመለስ 8 ትበላለች። አዋሽ ደርሶ ሙሉ ያስደረገ ሾፌር «በሊትር 16 አልፋ ሄደችልኝ» ብሎ ሲፎክር ሰምታችሁ ይሆናል። አልዋሸም፤ ቁልቁለቱን ግን ለራሱ ችሎታ ቆጥሮታል። በመልሱ 12 ተኩል ላይ ስትወርድበት ደግሞ መካኒክ ፍለጋ ይሄዳል! መለካት ያለባት ደርሶ መልስ ነው።

የወረደ ሁሉ የወጣበትን አያስመልስም ወይ የሚል ይኖራል። ያስመልሳል፤ ፍሬን ካልተረገጠ። ከአዳማ ወደ መተሐራ ያለው ዓይነት ረጋ ያለ ቁልቁለት መኪናዋን ስለሚገፋላት ሞተሩ ያርፋል፣ ነዳጁ ይተርፋል። በአሰበ ተፈሪና በሂርና በኩል ግን መንገዱ ይጠመዘዛል፤ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ፍሬን ትይዛላችሁ፤ ለመውጣት የከፈላችሁት ቤንዚን በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበናል። አንዳንዱ ሾፌር ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ይለቃታል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አደገኛነቱ ግልጽ ነው፤ ፍሬን ይግላል፣ መኪና ይከዳል። ግን ቁጠባም የለውም። መርፌ ያላቸው የዛሬ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከቤንዚን መርገጫው ሲነሳላቸው ነዳጁን ጨርሰው ይዘጋሉ፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣሉ። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሰው ነዳጅም ሕይወትም ይቆጥባል።

ስለ ፍጥነት ባጭሩ ልናገር። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ80 የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ከ4 ደቂቃ፣ በ110 የሚሄደው በ46 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ነገር ግን የአየር ግፊያ ከፍጥነት ጋር በካሬ ነው የሚያድገው፤ ከ80 ወደ 110 ሲወጣ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት ፍጆታው ከ6 ወደ 7 ሊትር ተኩል ቢወጣ ልዩነቱ 1.3 ሊትር ያህል ይሆናል። የሊትሩን ዋጋ ለስሌት እንዲመቸን 120 ብር ብንይዝ 18 ደቂቃ ያህል በ150 ብር ገዛን ማለት ነው። ይህ ውድ ይሁን ርካሽ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ ለቁልቢ ስሄድ አልገዛውም፣ ለሆስፒታል ብሄድ እገዛው ነበር። ይልቅ የሚያናድደኝ ፖርቶመጋላ ላይ የሚከመረው ፍራሽና ድንኳን ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመኪና ነዳጅ መረጃ እንደሚለው ትልቅ የጣሪያ ሣጥን በፍጥነት መንገድ ላይ በአንድ ጋሎን የሚሄዱትን ርቀት ከ10 እስከ 25 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሣጥን እንኳ ቅርጽ አለው፤ በገመድ የታሰረ ፍራሽ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ገምቱ። ባዶውን ፖርቶመጋላ ዓመቱን ሙሉ ተሸክመው የሚዞሩም አሉ፤ ፈታ አድርጎ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል?

«ነዳጅ በማለዳ ቅዳ፤ ብርድ ስለሆነ ይበዛልሃል» የሚባል ምክርም አለ። ቤንዚን ሲሞቅ እንደሚያብጥ እውነት ነው። የማደያው ጋን ግን ከመሬት በታች ስለሆነ ከጥዋት እስከ ማታ ሙቀቱ ብዙም አይለዋወጥም። በማለዳ መሄድ ጥቅሙ ሰልፉ አጭር መሆኑ ነው።

ሰልፍ ካልኩ ወደ ዋጋው ልግባ። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ነዳጅ ሲያወዳድሩ በስልካቸው የሚያዩት የትኛው ማደያ ሳንቲም ቀነሰ የሚለውን ነው፤ እዚያ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ዋጋው ይለያያል። እኛ ዘንድ ዋጋውን መንግሥት ስለሚተምን በአንድ ከተማ ውስጥ ማደያ ማወዳደር ትርጉም የለውም። ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተከለሰ የምታስታውሱት ነው፤ ለዚህም ነው 120 ብሬን የስሌት ቁጥር ብቻ አድርጋችሁ እንድትይዙት የምለምነው። ስትወጡ የዕለቱን ተኩበት። በአገራችን የሚወዳደረው የት ተገኘ የሚለው ነው። ማደያው «የለም» ካለ ዋጋው በሰሌዳ የተጻፈው መሆኑ ያበቃል፤ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ሌላ ዋጋ አለው፤ ከምን ጋር እንደተቀላቀለም ሻጩና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ስለዚህ ዕቅዱ ከማደያው አቀማመጥ ይነሳል። የትንሽ መኪና ጋን 45 ሊትር ይይዛል እንበል። ከአዲስ አበባ ሙሉ አድርጎ የወጣ ሰው ቁልቢ ሲደርስ ከ30 ሊትር በላይ ጨርሶ፣ ጌጁ ወደ ቀዩ ተጠግቶ ነው። በዓሉ ደግሞ ያን ሁሉ መኪና አንድ ቦታ ሰብስቦታል፤ ሁሉም በመልሱ እዚያው ተራራ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች ነዳጅ ይፈልጋል። አዋሽ ላይ ጋኑ ከግማሽ በላይ ሆኖ ሳለ ማደያ የሚገባ ሰው እንደ ፈሪ ይታያል። ግን አስሉት፤ ከአዋሽ ቁልቢ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልሱ 450። በዳገቱ ምክንያት በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ብንይዝ 36 ሊትር ነው። ቁልቢ መግቢያ ላይ መኪና እንደ ዶቃ ተሰካክቶ ለሰዓታት ሲንፏቀቅ ሞተሩ የሚጠጣውን በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ጨምሩበት፤ አሁንም 45 አይሞላም። አዋሽ ላይ የሞላ ሰው ተራራው ላይ አንድ ሊትር ሳይገዛ አዋሽ ይመለሳል። በጀሪካን መያዝ ነው መፍትሔው የሚል ካለ፣ ጧፍና ልጆች በተጫኑበት መኪና ውስጥ ቤንዚን አስቀምጦ በአዋሽ ሙቀት መንዳት ምን እንደሆነ ራሱ ያስበው።

አሁን የመኪኖቹን ወጪ እናወዳድር። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ተኩል የምትበላ የቤት መኪና፣ ለወረፋና ለመንከራተት 10 በመቶ ጨምረን፣ 74 ሊትር ትፈልጋለች፤ 8880 ብር። አምስት ሰው ከያዘች ለአንድ ሰው 1776 ብር ይደርሰዋል። 11 ሊትር የምትበላ የናፍጣ ሚኒባስ በዚሁ ስሌት 109 ሊትር፣ 13080 ብር ይወጣላታል፤ 14 ሰው ሲካፈለው ግን 934 ብር ነው። 13 ሊትር የሚበላ ላንድክሩዘር 15480 ብር ይፈጃል፤ ባልና ሚስት ብቻ ሆነው ከሄዱ ለእያንዳንዳቸው 7740፣ ሰባት ሆነው ከሄዱ 2211። አያችሁት? መኪና ከመለወጥ ይልቅ ባዶ ወንበር መሙላት ይበልጥ ያተርፋል። የአክስት ልጆች ሲደውሉ «ቦታ የለም» ለማለት ከመቸኮላችሁ በፊት ይህን አስቡት። የፍጥነት መንገዱን ክፍያ፣ የጎማና የዘይት እርጅናን አልጨመርኩም፤ እነሱም አሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ «የእኔ ኤሌክትሪክ ናት» የሚል ሰው በዝቷል። ለ900 ኪሎ ሜትር፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 175 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋታል። አንዱን 10 ብር ብንለው 1750 ብር ነው፤ ከቤንዚኗ አምስት እጥፍ ይረክሳል። በጨርጨር ኩርባዎች ፍሬን ላይ ይባክን የነበረውንም ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪዋ ትመልሳለች። ይህ እውነተኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሻጩ የነገራችሁ ርቀት በቻይና መለኪያ የተለካ ከሆነ ከእውነታው የሚበልጥ ተስፋ ነው፤ ፈጣን ቻርጀር በሌለበት ከተማ ደግሞ የሆቴል ተራ ሶኬት 60 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ባትሪ ለመሙላት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ያኔ የነዳጅ ወጪው የአልጋ ወጪ ይሆናል። ከመነሳታችሁ በፊት የምትሞሉበትን ቦታ በስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለቻርጀሩ ይበቃ እንደሆነም ጠይቁ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ባቡሩንም ያስብ፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ወደ ቁልቢ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መመለስ ነው። ለአንድ ሰው መኪና ከማውጣት የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለአምስት ሰው ግን ትኬቱ በአምስት ይባዛል፣ ቤንዚኑ አይባዛም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሒሳብ የማይመስል ግን ከሁሉ የሚከብድ። እኛ ዘንድ ዘመድን «የነዳጅ ድርሻህ ይኸው» ማለት ነውር ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ድራማው ይጀመራል፦ አዋሽ ማደያ ላይ አጎት ስልኩን ያወጣል፣ ባለመኪናው «ኧረ በገብርኤል!» ይላል፣ ሁለቱ ይተናነቃሉ፣ ወረፋው ከኋላ ጡሩምባ ይነፋል። መጨረሻ ላይ አንዱ ሁሉንም ይከፍላል፤ ሌላው ምሳ በመጋበዝ ያወራርዳል፤ ማን ምን ያህል እንደከፈለ ሳይታወቅ ቅሬታ ብቻ ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋል። እኔ የምመክረው ነውሩን ሳይነኩ ቁጥሩን ከቤት ሳይወጡ መናገር ነው። «መኪናዬን በስለቴ አቅርቤያለሁ፤ ነዳጁ 9000 ብር ገደማ ነው» ማለት ማንንም አያስከፋም። መኪናውን የሰጠ ሰው የጎማውን፣ የፍሬኑንና የዘይቱን ወጪ ዝም ብሎ ስለሚሸከም ከነዳጁ ድርሻ ነፃ ቢሆን ፍትሐዊ ይመስለኛል። ስለት ይዛ የምትሄደውን እናት ግን አትቁጠሯት። ይህን የምለው በስሌት አይደለም።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። የመኪናችሁን ኪሎ ሜትርና የመጨረሻውን የነዳጅ ክፍያ መልእክት ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ወደፊት ቅረቡ፤ ወረቀቱም እስክሪብቶውም እዚህ አለ፤ የእናንተን ቁጥር አብረን እናውጣው።